ግንቦት ሃያ ጠዋት ዝቅ ያደረግኩት ባንዲራ

አስተማሪ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ከቡሬ አለፍ ብሎ ባለ ገጠር ነበር። ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር የሚኬድ፣ ማለዳ የተነሣ ሰው ለቁርስ የሚደርስበት አገር ነው። ትምህርት ቤቱ ጉብታ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ወደ ትልቁ የፈጣም ወንዝ የሚገባ ትንሽ ወንዝ ይፈሳል፤ ከወንዙ ማዶ ረጅም ተረተር አለ። ከአስፋልት የሚመጣ መንገደኛ ተረተሩ ላይ ብቅ ሲል መጀመሪያ የሚታየው የትምህርት ቤታችን ቆርቆሮና የባንዲራው እንጨት ነው።

እኔ የደምበጫ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ጥሩወርቅ ይባላል። በዚያ ዓመት ርዕሰ መምህራችን ለትምህርት ስለሄደ፣ ቦታውን የሚፈልግ ሌላ ሰው ሲጠፋ ለእኔ ሰጡኝና ተጠባባቂ ሆንኩ። ሃያዎቹን ገና ያላጋመስኩ ልጅ ነበርኩ። በጉባኤ ፊት ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይበልጣል ስፖርትና ሙዚቃ ያስተምራል። የቋሪት፣ የገበዝ ማርያም ሰው ነው። አባቱ፣ ሃምሳ አለቃ ድረስ የሚባሉት፣ በቀድሞው ሠራዊት ረጅም ዘመን አገልግለው፣ ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን አገራቸው ገብተው ወደ እርሻቸው የተመለሱ ናቸው። ለልጃቸው ያወረሱት አንድ ነገር ቢኖር የባንዲራ ሥርዓት ነው። ይበልጣልም ያንኑ ለተማሪዎቹ ያስተምር ነበር። ባንዲራ መሬት አይነካም፤ ሲወርድ ተጣጥፎ በሁለት እጅ ይያዛል፤ ሲወጣና ሲወርድ የሚሄድ ይቆማል፣ ባርኔጣ ያደረገ ያወልቃል። በኀዘን ቀን ደግሞ በቀጥታ ግማሽ ላይ አይታሰርም፤ መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣና ከዚያ ነው ዝቅ የሚለው። ልጆቹ ይህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል።

ይበልጣልና እኔ ተነጋግረን ነበር። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አባቱ ሽማግሌ ይዘው ደምበጫ እኛ ቤት ሊመጡ ቀን ተቆርጦ ነበር። እስከዚያ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልንም። በአገራችን ሽማግሌ ሳይላክ እከሌና እከሊት ተባለ ማለት ስሟ በየቤቱ የሚነሣው የሴቷ ነው። በግቢው ውስጥ «መምህር» እለዋለሁ፤ «መምህርት» ይለኛል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሼ ካሴ ብቻ ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። የአዊ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ሁለታችንን አብረን አይተውን በአዊኛ አንድ ነገር ብለው ፈገግ አሉ፤ ምን እንዳሉ ጠይቄያቸው አልነገሩኝም።

ግንቦት እየተገባደደ ነበር። ግንቦት ሃያ ደርግ የወደቀበት፣ የጊዜው ገዢ ፓርቲ የድል ቀኔ የሚለው በዓል ነው። በዚያ ዓመት የአካባቢው ቀበሌዎች በሙሉ በእኛ ግቢ ተሰብስበው እንዲያከብሩት ተወሰነና ይበልጣል ልጆቹን መዝሙር ሲያለማምድ ሰነበተ። በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልምምዱ እንዳለቀ የላይኛው አገር ሰማይ ጠቆረ። እኛ ዘንድ ጠብታ አልወረደም። ይበልጣል ሰማዩን አየና የማዶዎቹን ልጆች አሰልፎ ወደ ወንዙ ወረደ።

ወንዙ ሲደርሱ ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር አሉ። ትልልቆቹን አሻገረ፤ ትንንሾቹን ደግሞ በጀርባውም በብብቱም እያደረገ ተመላለሰ። የመጨረሻዋን ልጅ ማዶ ካሉት እጅ አድርሶ፣ ሊመለስ መሀል ሲገባ ከላይ የመጣው ደራሽ ጎርፍ ድንጋይና ግንድ እየገፋ ደረሰበት። ልጆቹ ቆመው እያዩ ነው የወሰደው። አንዳቸውም አልተነኩም።

መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ሲፈልግ አመሸ። በማግስቱ ጠዋት ከታች፣ ውኃው ከተኛበት ቦታ፣ የሾላ ሥር ይዞት ተገኘ። አውጥተው ጋሼ ካሴ ቤት አስገቡት፤ ቤታቸው ከግቢው ጥግ ነው። ያዳናቸው ልጆች እናቶች ፊታቸውን እየነጩ መጡ። የመንደሩ ሴቶች ደረት መቱለት፣ ሙሾ አወረዱለት። እኔ ግን ማን ነኝ? የሥራ ባልደረባ ነኝ። ባልደረባ የሚያለቅሰውን ያህል አለቀስኩና ዓይኔን ጠርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሬሳ ሳጥን ከቡሬ እንዲመጣ የላክሁት እኔ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ለሚኖረው ለአጎቱ ልጅ ለአለምነው ስልክ ያስደወልኩትም እኔ ነኝ። አለምነው ቋሪት ሄዶ አባትየውን «ይበልጣል ታሟል» ብሎ ይዟቸው እንዲመጣ ተነጋገርን።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ እንደ ዋዛ አይነገርም። የአጥቢያው ቄስና ሽማግሌዎቹ መክረው ወሰኑ፦ አባትየው ወንዙን ሲሻገሩ ይቀበሏቸዋል፣ ቄሱ ቤት ያስገቧቸዋል፣ እህል ያስቀምሷቸዋል፣ ከዚያ ሰው ግራና ቀኛቸውን ሆኖ ያረዷቸዋል። ከቋሪት ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ቡሬ፣ ከዚያ በእግር ስለሆነ በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ እንጂ አይደርሱም ብለን አሰብን። እኔ በበኩሌ በዓሉ ቢቀርልን ብዬ ወደ ወረዳ ሰው ልኬ ነበር። ዝግጅቱ ያጥራል እንጂ አይቀርም የሚል መልስ መጣ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ልጆቹ ያለ ደወል ተሰለፉ። እንደ ወትሮው ጋሼ ካሴ ባንዲራውን አምጥተው ገመዱ ላይ አሰሩ። መዝሙር የሚያነሣው ይበልጣል ነበር። ባንዲራው መውጣት ሲጀምር ማንም አላነሣም። አንዲት ልጅ ጀመረችና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። ባንዲራው በዝምታ ወጣ፤ የሚሰማው የገመዱ ጩኸት ብቻ ነበር። ጫፍ ደረሰ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምንም አላሰብኩም ነበር። ከሥር ቆሜ ሳየው ግን አንድ ነገር መጣብኝ። ደረት ልመታለት አልችልም። ፀጉሬን ልላጭለት፣ ጥቁር ልለብስለት አልችልም። ስሙን ጠርቼ ላለቅስ አልችልም። በዚያ ግቢ ውስጥ በእኔ እጅ ያለ፣ እኔ ላዝዘው የምችል ነገር ያ ባንዲራ ብቻ ነው።

«ጋሼ ካሴ፣ ወደ ግማሽ ያውርዱት» አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። የትእዛዙን ምክንያት አልጠየቁም። ገመዱን ቀስ እያሉ ለቀቁት፣ እንጨቱ ወገብ ላይ ሲደርስ አሰሩት። ያን ጊዜ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አለቀሱ።

ረፋድ ላይ ከወረዳ የተላከው ተወካይ በሞተር መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ድሮ ታጋይ እንደነበረ ይነገራል። ሞተሩን አጥፍቶ ሳይወርድ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«መምህርት፣ ይህ ባንዲራ ምን ሆኖ ነው?»

መምህራችን ሞቶብን ነው አልኩት። መስማቱን ነገረኝ፣ ነፍስ ይማር አለ። ቀጥሎ ባንዲራ ዝቅ የሚለው መንግሥት ኀዘን ሲያውጅ መሆኑን፣ ያንን የማዘዝ ሥልጣን ደግሞ የእኔም የእሱም አለመሆኑን አስረዳኝ። ልክ ነበር። ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ። አልተቆጣም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። በዛሬው ቀን ይህን ያየ ሰው ለመምህር ነው አይልም፣ ለደርግ መውደቅ አዘኑ ነው የሚለው፤ አንቺም ትጠየቂያለሽ እኔም እጠየቃለሁ አለኝ። ዓይኑን ወደ ባንዲራው መልሶ እንዲህ አለ፦

«ታላቅ ወንድሜ ይችን ቀን ሳያያት ነው የቀረው። ሬሳው የት እንዳለ እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። በዚህ ቀን ባንዲራውን እንዲህ ሆኖ ሳየው ለእኔ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ግን አልነበረም። ለጋሼ ካሴ ያውጡት አልኳቸው። ሄደው ገመዱን ያዙ። ግን አልሳቡትም፤ ወደ ማዶ እያዩ ቆሙ።

«ማዶ ያሉት እነማን ናቸው?» አሉ።

ተረተሩ ላይ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። አንደኛው ወጣት ነው። ሌላው ጋቢ የለበሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ በትር የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ቁልቁለቱ ሊገቡ ሲሉ ሽማግሌው ቆሙ። ወጣቱ ጥቂት ወርዶ ዞር አለና እሱም ቆመ። ሽማግሌው ወደ እኛ ነበር የሚያዩት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በትሩን መሬት ላይ አስቀመጡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ጣል አድርገው ቀጥ ብለው ቆሙና ቀኝ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ።

ጋሼ ካሴ ገመዱን ለቀቁት። «አባቱ ናቸው» አሉ።

ቄሱና ሽማግሌዎቹ ወንዙ ዳር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። የሚያሳርፉበት ቤት ተጠርጎ፣ የሚቀምሱት እህል ተዘጋጅቶ፣ የሚነግራቸው ሰው ተመርጦ ነበር። ያ ሁሉ የታሰበላቸው ሰው የልጃቸውን ሞት ከሩቅ፣ ከማዶ፣ አጠገባቸው ደግፎ የሚይዛቸው ሰው ሳይኖር፣ እኔ ካወረድኩት ጨርቅ ተረዱ። ያንን ባንዲራ ከወታደር የበለጠ የሚያነበው ማን ነው?

አለምነው በኋላ እንደነገረኝ፣ በሌሊት የተነሣ የእህል መኪና አግኝተው ነው የቀደሙት። ተረተሩ ላይ ሲቆሙ «ታሟል ነው ያልከኝ?» ብለው ጠየቁት። ሰላምታቸውን ሰጥተው ሲጨርሱ በትራቸውን አንሥተው እሱን ቀድመው ወረዱ። ወንዙ ዳር ቄሱ ተነሥተው ትንሽ አረፍ ይበሉ ሲሏቸው፣ መስቀሉን ተሳለሙና «አባቴ፣ ሰምቻለሁ። ልጄ ያለበትን ያሳዩኝ» አሉ።

ግቢው ሲገቡ ልጆቹ ግራና ቀኝ ተከፈሉላቸው። ከጋሼ ካሴ ቤት ሴቶቹ ጩኸት ጀመሩ። እሳቸው ግን ወደዚያ አልሄዱም። ባንዲራው እንጨት ሥር መጥተው ወደ ላይ አዩና ዞር ብለው ጠየቁ።

«ይህን ያደረገው ማነው?»

ተወካዩ ወደ እኔ አየ። ጋሼ ካሴ «እኔ ነኝ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁና ቀደምኳቸው።

«እኔ ነኝ አባባ።»

ቀረብ ብለው አዩኝ። ዓይናቸው የይበልጣል ዓይን ነው። ይቆጡኛል ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ።

«ስምሽ ማነው?»

«ጥሩወርቅ።»

«የደምበጫዋ?»

በራሴ ንቅናቄ አዎ አልኩ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ መሬት መሬት አዩ።

«በሰኔ ለሽማግልና ነበር የምመጣው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን በደንብ አላስታውሰውም። በሰው ሁሉ ፊት፣ በተማሪዎቼ ፊት፣ ስሙን እየጠራሁ አለቀስኩ። ሃምሳ አለቃ ትከሻዬን ይዘውኝ ቆሙ። የመንደሩ ሴቶች ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸው። አንዷ መጥታ ነጠላዋን አውልቃ ወገቤን አሰረችልኝ። ወገቡ የሚታሰረው የሟች የቅርብ ሰው ነው። እንደዚያ ከታሰርኩ በኋላ ማንም «አንቺ ማን ነሽ» አላለኝም።

ሃምሳ አለቃ ልጃቸውን አይተው ሲወጡ ፊታቸው የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ሆኖም ወደ ተወካዩ ሄዱ። ከወረዳ ለበዓሉ የመጣ መሆኑን ሰው ነግሯቸው ነበር።

«በዓላችሁ ነው» አሉት። «እኔ ያን ጊዜ በወዲያ በኩል ነበርኩ፤ አልደብቅም። ይህች ልጅ ግን በእኛ ምክንያት እንዳትጎዳ። ባንዲራው ልጄን አክብሮልኛል፤ ይበቃዋል። አሁን ይውጣ።»

ተወካዩ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዘመን ፊት ለፊት ተኩስ የተለዋወጡ ወገኖች ናቸው። አንዱ ወንድሙን፣ አንዱ ዛሬ ልጁን ያጣ ነው። ተወካዩ ወደ ጋሼ ካሴ ዞሮ «ሬሳው ከግቢው እስኪወጣ ይቆይ» አለ።

በዚያ ቀን ንግግር አልተደረገም። ለበዓል ከየቀበሌው የመጣው ሕዝብ ቀባሪ ሆነ። ሳጥኑን እየተቀባበሉ እስከ አስፋልቱ ተሸከሙት፤ ተወካዩም እስከ ወንዙ ድረስ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። ተረተሩ ላይ ስንደርስ ወደ ኋላ ዞርኩ። ባንዲራው ጫፍ ላይ ነበር።

ይበልጣል በማግስቱ ገበዝ ማርያም ተቀበረ። እኔ ስመለስ ስለ ባንዲራው ተጠየቅኩ። ተወካዩ «ያቆየሁት እኔ ነኝ» ብሎ መመለሱን ሰማሁ፤ እሱን ምን እንዳገኘው ግን አላወቅኩም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁትም። ከተጠባባቂነቱ ተነሣሁ። አልከፋኝም።

የከፋኝ ሌላ ነገር ነበር። ተረተሩ ላይ የቆሙት ሰውዬ ከዓይኔ አልጠፉ አሉ። ለአርባው ከጋሼ ካሴ ጋር ቋሪት ሄድኩ። ሕዝቡ በልቶ ጠጥቶ ሲበተን ሃምሳ አለቃ ከአጥሩ ሥር ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

በመጀመሪያ ተናድደውብኝ እንደነበር አልሸሸጉኝም። ወንዙን እስኪሻገሩ ድረስ ይህን ያደረገውን ሰው ቢያገኙት ምን እንደሚሉት ሲያስቡ ነበር የመጡት። ከቀብሩ በኋላ ግን ሌላ ነገር እንቅልፍ ነሣቸው። በጦር ሜዳ አብረዋቸው የነበሩ፣ ከጎናቸው የወደቁ ልጆች ትዝ አሏቸው። አንዳንዶቹን ሳይቀብሯቸው ነው ያለፉት። ሲበተኑም በየመንገዱ የቀረ አለ።

«ለእነዚያ ሁሉ ማንም ዝቅ ያደረገላቸው የለም» አሉኝ። «ተረተሩ ላይ እጄን ያነሣሁት ለይበልጣል ብቻ አልነበረም፤ ያን ጊዜ አላወቅኩትም እንጂ።»

ያን ቀን ነው ያለቀሱት። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

አንባቢዎቼ፣ ያኔ ያደረግኩት ልክ ነበር ወይስ አልነበረም ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዛሬም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ሕጉ አልፈቀደልኝም፣ ወጉም አልፈቀደልኝም። ሕጉ ባንዲራውን ሰው ሁሉ እንደየስሜቱ እንዳያወጣውና እንዳያወርደው ይጠብቀዋል። ወጉ ደግሞ ኀዘንተኛውን ይጠብቀዋል፤ ብቻውን እንዳይሰማ፣ ቆሞ እንዳይወድቅ። ሁለቱንም ያፈረስኩት የማለቅስበት ቦታ አጥቼ ነው። ያች ጠዋት ለእኔ ያስቀረችልኝ አንድ ልማድ አለ። በራዲዮ ብሔራዊ ኀዘን ታውጆ ባንዲራ ዝቅ ብሎ ባየሁ ቁጥር፣ ምክንያቱን ከመጠየቄ በፊት፣ በዚህች ሰዓት በአንዱ መንገድ ላይ እየመጣ ያለ፣ ገና ያልነገሩት ሰው ይኖራል ብዬ አስባለሁ። እናንተም እንዲያ ብታስቡ ደስ ይለኛል።

ስለ እናቱ ሳልነግራችሁ አልጨርስም። እሳቸው ስለ ባንዲራው አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። በአርባው ቀን እጄን ይዘው ከሴት ልጆቻቸው መሀል አስቀመጡኝ፤ ጥቁር ሻሽም አሰሩልኝ። ዓመቱን ሙሉ ለበስኩት። ሙት ዓመቱ ሲወጣ እንደገና ሄድኩ። ሰው ከሄደ በኋላ ጓዳ አስገብተው ሻሹን ከራሴ ላይ ፈቱት። ፀጉሬን በእጃቸው ወደ ኋላ መለሱና ንጹሕ ነጭ ነጠላ አለበሱኝ።

«ለእሱ የሚገባውን አድርገሻል» አሉኝ። «ሌላ ሰው ሽማግሌ ሲልክ ግን አባትሽ ቤት ለእኔም ቦታ ይያዝልኝ። የልጄ ሠርግ ነው።»

መጡ። በሠርጌ ቀን ከእናቴ ቀጥሎ ተቀምጠው መረቁኝ።